ነዳጁን እናንተ ቆጠባችሁ፣ ብሎኑን እኛ እናዞራለን

ለሳተላይቱ ባለቤት ድርጅት የሥራ አመራር ቦርድ እና ለምሕዋር ቁጥጥር ክፍል ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የሳተላይቱ የሰሜን–ደቡብ አቋም ጥበቃ ያለማስጠንቀቂያ መቋረጡንና በቋሚ ዲሾች ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሳተላይታችሁ ላይ በተከራየነው ትራንስፖንደር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ወደ ምድር በሚያስተላልፈው የሳተላይቱ ክፍል) የምንሠራ የምድር ጣቢያ ቴክኒሻኖች፣ ዲሽ ሠራተኞችና የአነስተኛ ሬዲዮ ጣቢያዎች የማሠራጫ ባለሙያዎች ነን። ሦስት ጊዜ በኢሜይል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በስልክ አመልክተን ያገኘነው መልስ ዲሻችንን እንድናስተካክል የሚመክር ብቻ ስለነበረ፣ ጉዳዩን በግልጽ ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

በቅድሚያ የወሰናችሁትን ነገር እኛ እንደተረዳነው እናስቀምጠው። ሳተላይቱ የተሠራለትን የ15 ዓመት ዕድሜ ሊጨርስ ተቃርቧል፤ ነዳጁም ሊሟጠጥ ነው። የቀረውን ለማብቃቃት ስትሉ፣ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ ትክክል ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዳይዋልል የሚያደርገውን የሞተር ግፊት፣ ማለትም የሰሜን–ደቡብ አቋም ጥበቃውን፣ አቆማችሁ፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ ከጎረቤቶቹ ጋር እንዳይጋጭ የሚጠብቀውን ብቻ ቀጠላችሁ። ለምን እንዲህ እንዳደረጋችሁ አይጠፋንም። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ምሕዋሩን በየዓመቱ ከ0.75 እስከ 0.95 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል፤ ይህን ለማቅናት በዓመት በሴኮንድ 50 ሜትር ገደማ የፍጥነት ለውጥ ያስፈልጋል፤ ለምሥራቅ–ምዕራቡ ግን 2 ሜትር ገደማ ይበቃል። የሰሜን–ደቡቡን የተወ ድርጅት እንግዲህ ለአቋም ጥበቃ ከሚያወጣው ነዳጅ ከ10 እጅ 9ኙን ያተርፋል፤ ለጥቂት ወራት ይበቃ የነበረው ነዳጅም ለዓመታት ይበቃዋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሌላውን ወገን ወጪ ግን አላስገባም።

ከምድር ሆኖ ለሚያየው ሰው የሆነው እንዲህ ነው። በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ እንደተቸነከረ ሚስማር አንድ ቦታ ቆሞ የኖረው ሳተላይት፣ አሁን በየዕለቱ ሰማይ ላይ ቀጭን የ8 ቁጥር ይሥላል። ምሕዋሩ 1 ዲግሪ ሲያዘነብል ሳተላይቱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 736 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ደቡብም ያንኑ ያህል ይመላለሳል ማለት ነው። ከሥሩ ሆኖ ለሚመለከተው ደግሞ፣ ተመልካቹ ከምድር እምብርት ይልቅ ለሳተላይቱ ስለሚቀርብ፣ 1 ዲግሪው ወደ 1.2 ከፍ ይላል። በኬዩ ባንድ (ለሳተላይት ሥርጭት በሚውል የሞገድ ክልል) በ12 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ባለ 2.4 ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 0.7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ሳተላይቱ ከመሃሉ ከሲሶ ዲግሪ ጥቂት በለጥ ብሎ ሲወጣ የሚደርሰን ኃይል በግማሽ ይወርዳል፤ ትንሽ ሲጨምርም ሪሲቨሩ ይዘጋል። ዲሻችን አልተነቃነቀም። ሳተላይታችሁ ነው ከፊቱ ገለል የሚለው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ መስመር ማስታወቂያ እንኳ አለመውጣቱ ነው። ሳይነገረን በመቅረቱ ምን እንደደረሰብን ለማሳየት የአንዱን ባልደረባችንን ጉዳይ ዘርዘር አድርገን እናቅርብ። ይህ ባለሙያ ኮረብታ ላይ ያለ የኤፍ ኤም ማሠራጫ ይጠብቃል፤ ማሠራጫው ፕሮግራሙን ከዋናው ስቱዲዮ የሚቀበለው በሳተላይታችሁ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጠፋ ነበር። ኤል ኤን ቢውን (ዲሹ የሰበሰበውን ሲግናል የሚቀበለውን ዕቃ) ቀየረ። በማግሥቱ አሁንም ጠፋ። ገመዱን ከነማያያዣው በአዲስ ተካ፤ ውኃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ መጋጠሚያውን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ከሌላ ጣቢያ ሪሲቨር ተውሶ ሞከረ። የዲሹን ምሰሶ ሳይቀር ነፋስ አዘንብሎት ይሆናል ብሎ በውኃ ልክ ለካ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ ያደረገው ነገር ብልኅነቱን ያሳያል፤ ሲግናሉ የሚጠፋበትን ሰዓት በደብተር መጻፍ ጀመረ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40፣ በማግሥቱ 2 ሰዓት ከ36፣ ከዚያ 2 ሰዓት ከ32፣ ከዚያ 2 ሰዓት ከ28። በየቀኑ 4 ደቂቃ ይቀድማል።

የእኛን ሙያ ለሚያውቅ ሰው ያቺ 4 ደቂቃ ሁሉን ተናገረች። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ነው፤ ሳተላይቱም የሚዞረው በዚያው ልክ ስለሆነ የዕለት ውዝዋዜው በእጅ ሰዓታችን ሲለካ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። የተበላሸ ኤል ኤን ቢ፣ የላላ ብሎን ወይም ውኃ የጠጣ ገመድ የከዋክብትን ሰዓት አይቆጥርም። ባልደረባችን ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣ ውሳኔያችሁን ያወቅነው በዚያች ገጽ ላይ ነው። በመካከሉ ግን ጣቢያው ያለ ጥፋቱ ከሚያዳምጡት ሰዎች ቅሬታ ተቀብሏል፤ ባለሙያውም ሥራውን አያውቅም ተብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ማስጠንቀቂያው እስካሁን አልተነሣለትም።

ለእርዳታ ስልካችሁም ደውሎ ነበር። የተሰጠው መልስ ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስትቆም የሚፈጠር መቋረጥ ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ መቋረጥ መኖሩን እናውቃለን፤ የሚመጣው ግን ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው፤ የሚቆየውም በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ለጥቂት ቀናት ነው። ባልደረባችን የደወለው በሰኔ ነው፤ ሰዓቱም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በሌሊት ፀሐይ የሚያይ የድጋፍ ክፍል ያላችሁ መሆኑን ቦርዱ ቢያውቀው መልካም ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ውሳኔው ክፉኛ የመታው ጠንቃቃውን ደንበኛ መሆኑ ነው። ባለ 90 ሳንቲ ሜትር የቤት ዲሽ የሚያየው ስፋት 1.9 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ሳተላይቱ ቢወዛወዝም ለጊዜው አይሰማውም። አብዛኛው ተጠቃሚ ችግር አልገጠመውም ማለታችሁም በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ በቁጥር ደረጃ እውነት ነው። ነገር ግን 2.4 ሜትር ዲሽ የተከለ ሰው ያን ያደረገው ለጌጥ አልነበረም። ኬዩ ባንድ በዝናብ ይዳከማል፤ ጥቁር ደመና ሲመጣ ሳይቋረጥ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሰፊ ዲሽ እንዲተክል የመከራችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ የውላችን አባሪ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። ዲሽ ሲሰፋ እይታው ይጠባል፤ እይታው የጠበበ ዲሽ ደግሞ የቆመ ሳተላይት ይፈልጋል። ምክራችሁን የሰማ ሰው በመስማቱ ተቀጣ።

አንድ አባላችን ተስፋ ቆርጦ 2.4 ሜትሩን ነቅሎ በ1.2 ሜትር ተካው። በጠራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራለታል። ይሁንና ግማሽ ወርድ ያለው ዲሽ የሚሰበስበው ኃይል ሩብ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲያጠቁር፣ ገና ጠብታው መሬት ሳይነካ፣ ኳሊቲው ወደ ዜሮ ይወርዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይጠፋ የነበረውን በየዝናቡ በሚጠፋ ለወጠው፤ ትልቁ ዲሽም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ሦስተኛው ቅሬታችን ዘግይቶ የላካችሁልን አጭር መግለጫ ነው። መግለጫው «የሽፋን አካባቢው በምንም መልኩ አልተነካም» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ሲታይ ውሸት የለበትም፤ የሚያስከፋንም ይኸው ነው። ምሕዋሩ ያዘነበለ ሳተላይት አካሉን በጥቂቱ እያጋደለ ጨረሩን በዚያው አካባቢ ላይ አጽንቶ ማቆየት እንደሚችል እናውቃለን፤ ይህን እያደረጋችሁም ይመስለናል። ሳተላይቱ እኛን ማየቱን አላቆመም፤ እኛ ነን እሱን ማየት ያቃተን። የጨረሩ አሻራ ካርታ ላይ ባለበት ቢቆይም የዲሻችን አፍ ወደ ባዶ ሰማይ ይመለከታል። ይህን ልዩነት የምታውቁ መሐንዲሶች ሆናችሁ ሳለ፣ ልዩነቱን ለማያውቁ የደንበኞቻችን ሥራ አስኪያጆች እንዲህ ያለ መግለጫ መላካችሁ ጥፋቱን ወደ እኛ እንዲያዞሩ አድርጓል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በርቀት ባሉ የቪሳት ጣቢያዎች (በትንሽ ዲሽ በሳተላይት በሚገናኙት) የሚሆነው ነው፤ እነዚህ መቀበል ብቻ ሳይሆን ያስተላልፋሉም። በአንድ የሕክምና ጣቢያ ያለው ዲሽ ሳተላይቱን እየተከተለ የሚዞርበት ሞተር የለውም፤ ቴክኒሻንም በአቅራቢያው የለም። ያለው የግቢ ጥበቃ ሠራተኛ ነው። በዚያ ጣቢያ የሳተላይቱ ውዝዋዜ አብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ስለሆነ፣ የእኛ ባልደረባ በከፍታ ማስተካከያው ዘንግ ላይ ሁለት የቀለም ምልክት አደረገለት፤ ነጩ ለሰሜን፣ ቀዩ ለደቡብ። ጥበቃው በቀን ሁለት ጊዜ ማስተላለፊያውን ያጠፋል፣ በመፍቻ ብሎኑን ከነጩ ወደ ቀዩ ወይም ከቀዩ ወደ ነጩ ያዞራል፣ መልሶ ያበራል፣ ሞደሙ ላይ አረንጓዴው መብራት እስኪቆም ይጠብቃል። ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያው ዙር ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። ሰዓቱ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ስለሚሄድ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያው ዙር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዋለ። ያ ሰው በጨለማ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ሳተላይት ሲያሽከረክር ያመሻል። የዘንጉ ጥርስ ከመፈታትና ከመጥበቅ ብዛት እየተበላ ነው፤ ልልነቱ ሲጨምር ዲሹ ወደ ጎንም ይነቃነቃል። ወደ ጎን የተነቃነቀ ዲሽ በተመሳሳይ ምሕዋር 2 ወይም 3 ዲግሪ ርቆ በቆመ የሌላ ድርጅት ሳተላይት ላይ ጣልቃ ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ማን እንደሚሆን ከወዲሁ መናገር አያዳግትም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ብናስታውስ አግባብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመጠቀው ሲንኮም 2 የተባለው ሳተላይት የምድርን ዙር የጠበቀ ነበር፤ ምሕዋሩ ግን 33 ዲግሪ ያህል ስላዘነበለ ሰማይ ላይ ሰፊ 8 ይሥል ነበር። በ1964 የተመጠቀው ሲንኮም 3 ነው ከምድር ወገብ በላይ ቆሞ የታየው የመጀመሪያው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ዲሹን አንድ ጊዜ አስተካክሎ፣ ብሎኑን አጥብቆ ከጣራ መውረድ የቻለው ሳተላይቱ ስለቆመለት ነው። የእኛ ሙያ በሙሉ በዚያ መቆም ላይ የተሠራ ነው። በውላችን ላይ ሳተላይቱ ከተመደበለት ቦታ ከ0.1 ዲግሪ በላይ እንደማይርቅ የተጻፈውም ለዚሁ ነበር።

የኪራይ ዋጋውን ጉዳይ በአጭሩ እናልፈዋለን። ያዘነበለ ምሕዋር ላይ ያለ ትራንስፖንደር በገበያው በቅናሽ እንደሚከራይ እናንተም እኛም እናውቃለን፤ ምክንያቱም ተከራዩ ሳተላይቱን ለሚከተል አንቴና የራሱን ወጪ ያወጣልና። እኛ እስካሁን የምንከፍለው የቆመ ሳተላይት ዋጋ ነው።

የመጨረሻው ቅሬታችን ከፊታችን ያለውን ጊዜ ይመለከታል። ምን ያህል ነዳጅ እንደቀረ፣ ተተኪው መቼ እንደሚመጣ፣ ይህኛውስ መቼ ከሥራ እንደሚወጣ የነገረን የለም። ጊዜው ያለፈበት ሳተላይት ከቦታው ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ የማረፊያ ምሕዋር እንዲሄድ ይጠበቃል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው በሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ሲሆን በተለመደው አሠራር የሦስት ወር ያህል አቋም ጥበቃ ማለት ነው። ክብደት በሌለበት ጋን ውስጥ ያለን ነዳጅ እንደ መኪና በጌጅ ማንበብ ስለማይቻል፣ ሁሉም ነገር በሙቀት፣ በግፊትና በወጪ መዝገብ የሚሰላ ግምት ነው። ግምቱ ቢሳሳት ሳተላይቱ በማንም ትእዛዝ የማይነቃነቅ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ጋላክሲ 15 የተባለው የመገናኛ ሳተላይት ትእዛዝ መቀበል አቁሞ፣ ትራንስፖንደሮቹ እንደበሩ ወደ ምሥራቅ መንሸራተት ጀመረ፤ ጎረቤቶቹ ሥራቸውን እያስተካከሉ አሳለፉት፤ ወደ ቁጥጥር የተመለሰው ባትሪው አልቆ ራሱን ዳግም ካስነሣ በኋላ በታኅሣሥ ነበር። ያ የሆነው በነዳጅ ምክንያት አልነበረም፤ ቢሆንም መቆጣጠር የማይቻል ሳተላይት ለጎረቤቶቹ ምን እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ሌላ ምርጫ አልነበረንም የምትሉ ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ኤም ኢ ቪ 1 የተባለው መንኩራኩር ነዳጁ እያለቀ የነበረውን ኢንተልሳት 901 የተባለውን ሳተላይት ተጣብቆ ይዞ በሚያዝያ ወደ ሥራ እንደመለሰው ታስታውሳላችሁ። ያ መንገድ ታይቶ ውድ ሆኖ የተተወ ከሆነ ይነገረን፤ ጭራሽ አልታየ ከሆነም እንደዚሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የሰሜን–ደቡብ አቋም ጥበቃው የቆመበትን ትክክለኛ ቀን በጽሑፍ አሳውቁን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የከፈልነው ኪራይ ወደ ያዘነበለ ምሕዋር ዋጋ ተስተካክሎ ልዩነቱ ይመለስልን። ለአንቴና መቆጣጠሪያ የሚሞሉትን 11ዱን የምሕዋር ቁጥሮች በየሳምንቱ፣ ያለ ክፍያና ያለ ይለፍ ቃል አውጡልን፤ ከዚያ ጋር ባለ 1.2፣ ባለ 1.8፣ ባለ 2.4 እና ባለ 3.8 ሜትር ዲሽ በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ሲግናል እንደሚያጣ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይያያዝ። ሰንጠረዡን መሥራት ለእናንተ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ለእኛ ግን ኤል ኤን ቢ ከመቀየር ያድነናል።

ከ1.8 ሜትር በላይ ዲሽ ያላቸው ደንበኞች ከሁለት አንዱ ይደረግላቸው፦ ወይ ሳተላይቱን የሚከተል ሞተርና መቆጣጠሪያ ለመግጠም ከሚወጣው ወጪ ግማሹን ሸፍኑ፤ ወይም ቆሞ ወዳለ ሌላ ሳተላይታችሁ ያለ ቅጣት ይዛወሩና ዲሹን ወደ አዲሱ ቦታ የማዞሩን የቴክኒሻን ክፍያ እናንተ ቻሉ። አስተላላፊ ቪሳት ያላቸው የሕክምና ጣቢያዎች በዚህ ዝውውር ይቅደሙ። ለማረፊያ ምሕዋር የተቀመጠው ነዳጅ ስንት እንደሆነና ሳተላይቱ ከሥራ የሚወጣበት ጊዜ ቢያንስ ከ12 ወር በፊት ለደንበኛ ሁሉ ይገለጽ።

የእርዳታ ስልክ ሠራተኞቻችሁ ከሚያነቡት ወረቀት ላይ «ፀሐይ ነው» የሚለው በመጋቢትና በመስከረም ብቻ እንዲሠራ አድርጉ። ኮረብታው ላይ ላለው ባልደረባችን አሠሪም መቋረጡ ከዲሹ ሳይሆን ከምሕዋሩ የመጣ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉ። የደብተሩን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዘናል።

በ30 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የምድር ጣቢያ ቴክኒሻኖች፣ የዲሽ ሠራተኞችና የማሠራጫ ባለሙያዎች የጋራ ኮሚቴ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት
ለትራንስፖንደር ተከራዮች በሙሉ